ስለ ዓሣ ዓይን ሙግት

«ራሱ ፎከስ የማያደርግ ሌንስ ጊዜው አልፎበታል» የሚል ፍርድ ከነጋዴውም ከገዢውም አፍ ይሰማል። ለሌላው ሌንስ እውነት ይሁን፤ ለዓሣ ዓይን ሌንስ ግን ሐሰት ነው፤ ያውም ኪስ የሚያራቁት ሐሰት።

ሒሳቡ ይመስክር። የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ባለው ዲጂታል ካሜራ ላይ የ8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይግጠሙ። የብርሃን ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ፣ የርቀት ቀለበቱን ግማሽ ሜትር ላይ ያድርጉ። ከሩብ ሜትር አንሥቶ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ታዲያ ሞተሩ ምን ሊያሳድድ ነው? ገንዘቡ ለመስተዋቱ ጥራት ይዋል። ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ሌንሱ ለካሜራዬ ሴንሰር መጠን ተሠርቷልን? ክብ ምስል ይሰጣል ወይስ ፍሬሙን ይሞላል? በቀለበቱ ላይ የተጻፈው ርቀትስ እውነት ይናገራል?

«መስመር ያጎብጣል» የሚሉም አሉ። በምስሉ መሐል የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር አይጎብጥም፤ የሚጎብጠው ከመሐል የራቀው ነው። እንግዲህ አድማሱን የት እንደሚያኖር የሚወስነው ባለ ካሜራው ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1906 «የዓሣ ዓይን እይታ» የሚለውን ስም ያወጣው፣ ከውኃ በታች ያለ ዓሣ ሰማዩን ሁሉ በአንድ ክብ ጠቅልሎ እንደሚያይ አስቦ ነው። ያን ክብ በኮምፒዩተር ለማቅናት የሚደክሙ ሰዎች ዳር ዳሩን ቆርጠው ለመጣል ይገደዳሉ፤ የ180 ዲግሪ እይታ በቀጥተኛ መስመር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከቶ አይሰፍርምና።

ይህ ሌንስ ሩቁን ያሳንሳል፤ ስለዚህ የሚጠይቀው እግርን ነው። ወደሚያነሣው ነገር አንድ እርምጃ መቅረብ የማይሻን ሰው የትኛውም ሞተር አያቀርበውም።