የውሰት ጦር

እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኒቫ በምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ጌሪ ጋይጋክስ የተባለ የኢንሹራንስ ሠራተኛ አንድ አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራየ። በፊተኛው ዓመት ጥቂት የጦርነት ጨዋታ ወዳጆቹን የሰበሰበው እቤቱ ነበር፤ አሁን ግን ቤቱ ሊበቃ አልቻለም። ከሚመጣው ሰው አንድ አንድ ዶላር እየተቀበለ ጠረጴዛ ዘረጋ። መቶ የሚጠጋ ሰው መጣ፤ የአዳራሹም ኪራይ ተሸፈነ። በ2023 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ያስተናገደው ጄን ኮን የተሰኘው የጨዋታ ጉባኤ ጅማሬው ይህ ነው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለቁጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ግን በ1969 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ዴቭ አርነሰን የሚባል ወጣት ከሚኒሶታ መጥቶ እዚያው ጉባኤ ላይ ከጋይጋክስ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ በ1974 «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ፤ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ጋይጋክስ በምድር ቤቱ ባለው የአሸዋ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡ የከተማው ልጆች ነበሩት፤ አርነሰንም በበኩሉ በሚኒሶታ የራሱ የጨዋታ ባልንጀሮች ነበሩት። መጽሐፉም ሆነ ኩባንያው ከመምጣቱ በፊት፣ በየሰፈሩ ቀን ቆርጠው የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ።

በጠረጴዛ ላይ የሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ምን ዓይነት ነው? ቁመታቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠሩ ተዋጊዎች አሉ። ኮረብታና ፍርስራሽ ቤት በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ እርምጃቸው በማስመሪያ እየተለካ ይንቀሳቀሳሉ፤ የውጊያውን ዕጣ ዳይስ ይወስነዋል። ሚኒየቸር ይባላሉ። ተጫዋቹ ከፕላስቲክ ክፈፋቸው ቆርጦ ያወጣቸዋል፣ በማጣበቂያ ይገጣጥማቸዋል፣ ከዚያም በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይቀባቸዋል። «ዋርሃመር 40,000» በተባለው በጣም የታወቀ ጨዋታ አንድ ሙሉ ሠራዊት ብዙ ደርዘን ተዋጊ ሊኖረው ይችላል፤ ቀለሙን መጨረስ ወራት ይወስዳል። የሰለጠነ ሰው ሲቀባቸው ዓይን የሚያፈዝ ውበት አላቸው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር የሚካሄደውን ዳማ ያስቡ። ሰሌዳው የእንጨት ቁራጭ ወይም ካርቶን፣ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው። መንገደኛ ይቆማል፣ ከጀርባ ሆኖ ያያል፣ ሳይጠየቅ ምክር ይሰጣል፤ አንዱ ተሸንፎ ሲነሳ ወንበሩ ለእሱ ይደርሰዋል። ቆርኪው የማንም ስላልሆነ «የራስህን ይዘህ ና» የሚል የለም። የዳማ ማኅበር ያለ አደራጅ በየጥጉ የሚበቅለው ለዚህ ነው። የሚኒየቸር ጨዋታ ግን ለአዲስ ሰው የሚያሳየው ከመቀመጫው በፊት የሚከፈል ገንዘብና የወራት ሥራ ነው። በደጉ ቀን የመጣ እንግዳ ሁለት ሰዓት ቆሞ ያደንቅና «ሠራዊት ሳበጅ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። አይመለስም።

በአካባቢው የተጫዋቾች ማኅበር ማቋቋም የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡ የሚያርፈው ማስታወቂያ፣ አዳራሽና የውድድር ሽልማት ላይ ነው። ሦስቱም ይጠቅማሉ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሁለት ትንንሽ፣ ተቀብተው ያለቁ፣ ለማንም የሚዋሱ ጦሮች ናቸው። አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ገና በሩን ለገፋው ሰው። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሚያልቅ ውጊያ የሚበቁ መሆን አለባቸው። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ ሙሉ ጦርነት ጀማሪን ያደክማል፤ ያውም ሁሉም ነገር በማይገባው ቋንቋ ሲነገር።

ለዚህ የሚመች ጨዋታ ሞልቷል። በ2015 የወጣው የጆሴፍ ማካሎ «ፍሮስትግሬቭ» ለአንድ ወገን ከአሥር የማይበልጥ ምስል ይበቃዋል፤ ምስሉም ከየትኛውም አምራች ቢሆን ይፈቀዳል። ከዓመታት በፊት ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ምስል ያለው ሰው በዚያው ቀን ተጫዋች ይሆናል። ገንዘብ ለሌለው ወጣት ከዚህ የተሻለ በር ማግኘት ይከብዳል።

ማኅበሩ ካደገ በኋላም ቢሆን ፍጥነቱን ከባለጸጋው ጋር ማስተካከል ስህተት ነው። «ዋይት ድዋርፍ» የተባለው የብሪታኒያ መጽሔት «የአራት ተጫዋቾች ወግ» የሚል ተከታታይ ጽሑፍ ያወጣ ነበር፤ አራት ሰዎች በወር የተወሰነ ገንዘብ ብቻ እያወጡ ሠራዊታቸውን ቀስ በቀስ ሲያሳድጉ ያሳያል። ብዙ ክለቦች ይህንኑ ልማድ አድርገውታል፤ በመጀመሪያው ወር በትንሽ ጦር ይገጥማሉ፣ በሚቀጥለው ጥቂት ይጨምራሉ። ቀለም ያልጨረሰው ብቻውን ስላልሆነ አያፍርም፤ የጨረሰውም ሌላውን ይጠብቃል።

ሰውን ደጋግሞ የሚያመጣው ነገር ግን በ1986 በወጣው «ብለድ ቦውል» ላይ በግልጽ ይታያል። ኦርኮችና ኤልፎች የተባሉ የተረት ፍጡራን በአሜሪካ ፉትቦል የሚደባደቡበት ጨዋታ ነው። አንድ ቡድን ከ11 እስከ 16 ተጫዋች ይኖረዋል። ዋናው ውበቱ ሊጉ ነው፤ በዚህ ሳምንት ጎል ያገባ ተጫዋች ልምድ ያተርፋል፣ እግሩ የተሰበረ ከቀጣዩ ጨዋታ ይቀራል፣ የሞተ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኙ ስለ ቡድኑ የሚያወራው እንደ ቤተሰቡ ነው፤ መቅረት አይሆንለትም። ደካማ ቡድን ከጠንካራ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ልዩነቱ በገንዘብ ይካካስለታል፤ በዚያ ገንዘብ ለአንድ ግጥሚያ ታዋቂ ተጫዋች ወይም ጠንቋይ ይቀጥራል። ዘግይቶ የገባ ሰው እንዳይዋረድ ደንቡ ራሱ አስቦለታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ለሌለው ጨዋታ ደግሞ ነባሩ ተጫዋች ራሱ ማሰብ አለበት። በመጀመሪያ ቀኑ በሃያ ደቂቃ ተጠራርጎ የወጣን ልጅ ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅ አይገባም።

የብለድ ቦውልና የዋርሃመር አሳታሚ የሆነው ጌምስ ዎርክሾፕ ብለድ ቦውልን ለዓመታት ቸል ብሎት ነበር። ያቆዩት ሊጎቹና ናፍ የተባለው የተጫዋቾች ማኅበር ናቸው፤ ማኅበሩ በ2007 በኖቲንግሃም፣ በ2011 በአምስተርዳም፣ በ2015 በሉካ የዓለም ዋንጫ አዘጋጀ። ኩባንያው ጨዋታውን አድሶ ያወጣው በ2016 ነው። በ1983 የተጀመረው የመጀመሪያው «ዋርሃመር» ዕጣም ተመሳሳይ ነበር፤ በ2015 ኩባንያው በሌላ ሲተካው ተጫዋቾች በአሮጌው ደንብ ቀጠሉ፣ አንዳንዶችም «ናይንዝ ኤጅ» የሚል የራሳቸውን ደንብ ጻፉ። በ2024 ጨዋታው «አሮጌው ዓለም» በሚል ስም ወደ ሱቅ ተመለሰ። የሰፈር ክለብን የኩባንያ ማስታወቂያ አድርጎ የሚያይ ሰው እነዚህን ዓመታት ቢያስታውስ መልካም ነው። በእነዚያ ዓመታት ጨዋታውን ይዞ የቆየው በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን መብራት አብርቶ ጠረጴዛ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ በመጣበት ምሽት ጭምር።

የማዋስ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 «ሊትል ዎርስ» በተባለው መጽሐፉ የአሻንጉሊት ወታደር ጦርነትን ደንብ ሲያትም፣ ጨዋታው እንዴት እንደተጀመረ ተርኳል። ከአንድ ወዳጁ ጋር ምሳ በልተው ነበር፤ ወዳጁን በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ይጠራዋል፣ ደራሲው ጀሮም ኬ. ጀሮም እንደሆነ ይታመናል። ክፍሉ የልጅ መጫወቻ ተዝረክርኮበታል። ቡናው ሊቀርብ ሲል እንግዳው ወንበሩን ስቦ አራት አምስት ወታደሮች ወደቆሙበት ትንሽ ጠረጴዛ ተጠጋ፣ የአሻንጉሊቱን መድፍ አገላብጦ አየ፣ አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ አንዱን ወታደር መታ። ወዲያው ፎከረ፤ ማን ይገጥመኛል አለ። መድፉም ወታደሮቹም የቤቱ ልጅ ንብረት ነበሩ።