የመስቀል ገበያ በሚዛን
ሚዛን ተፈሪን በሙሉ ድምቀቷ ማየት የሚሻ በመስቀል ዋዜማ ገበያዋ ይውጣ። ኮረሪማው በክር ተሰክቶ እንደ ዶቃ ተንጠልጥሏል፤ ማሩ፣ ጥምዙ፣ ቆጮው መንገዱን ሞልቶታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሰልባጅ ተራው ነው። አብዛኛው የጫካ ቡና በዚህ ሰሞን ገና ዛፉ ላይ ስለሆነ የገበሬው ኪስ ሳስቷል፤ ልጆቹን ለበዓል የሚያለብስለት ይህ የልብስ ክምር ነው። አንዲት እናት ሹራቡን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ እየሳበች ስትፈትሽ፣ ልጇ ደግሞ ትልቁን እጅጌ ክንዱ ላይ ሲለካ አይቻለሁ፤ ፊቱ ላይ በዓሉ ገብቶ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ ባጃጁም መኪናውም በዝቷል። ለበዓሉ ሰሞን ጥቂት ቀናት ግን መኪናው በሌላ በኩል ይዙር፤ በመስከረም ዝናብ ሸራ ወጥረው የሚነግዱትን እናቶች ማንም ከቦታቸው አያንሳቸው።