ልጁ ግን የት አለ?

ቴአትሩ ኮሜዲ ነው። ስሙ «ኔይበርሁድ ዎች»፣ በእኛ አፍ «የሰፈር ጥበቃ» ብንለው ያስኬዳል። የእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት የአለን ኤክበርን 75ኛ ሥራ ሲሆን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ስካርብራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። እኔ ያየሁት ግን ዘንድሮ፣ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ወንበሩ በሚንቋቋ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ አማተሮች ሲጫወቱት ነው። ከት ብዬ ሳቅኩ። ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አልለቀኝ አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርቲንና ሂልዳ የሚባሉ፣ ትዳር ያልያዙ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ወንድምና እህት ብሉቤል ሂል ወደሚባል አዲስ መንደር ይገባሉ። አጠገባቸው ድሆች የሚኖሩበት የመንግሥት ቤቶች ሰፈር አለ። ገና ዕቃቸውን ሳያደላድሉ አንድ ልጅ በግቢያቸው ሲያልፍ ማርቲን ይይዘውና በእጁ ያለውን ይነጥቀዋል። ክላሪኔት! ትንሽ ቆይቶ የአትክልት ቦታ ማስጌጫ ሐውልት መስኮት ሰብሮ ሳሎናቸው ይገባል። በቃ፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። (ኮሚቴ ከተቋቋመ በኋላ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ እኛ አገር ላደገ ሰው አይነገርም።) በአጥር ይጀምራሉ፣ ወደ ሮንድ ያልፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ ጋሬዝ የሚባል መሐንዲስ፣ የጥፋተኛ እግር በግንድ የሚጠረቅበትን የጥንት መቅጫ ይሠራላቸዋል። ይህ ሁሉ ሻይ እየተጠጣ ነው።

ያ ክላሪኔት የተነጠቀው ልጅ ግን አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አይወጣም። የምናውቀው እነሱ ያሉትን ብቻ ነው። ስሙን የጠየቀው የለም። ለኔ የቴአትሩ ትልቁ ነገር ይኼ ነው።

በእረፍት ሰዓት ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ይኼ ደራሲ ቤቱ ተዘርፎ አያውቅም ማለት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሰውየው የሚናቅ ነገር አልተናገሩም። ቴአትሩ ከመታየቱ ከአንድ ወር በፊት፣ በነሐሴ 2011፣ ለንደንና ሌሎች ከተሞች በረብሻ ሱቆች ተዘርፈውባቸው፣ ሕንፃዎች ተቃጥለውባቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ያንን ይዘው ነው የገቡት። ግን ኤክበርን የሰዎቹን ፍርሃት ውሸት ነው አላለም። እንዲያውም ማርቲን ደግ ሰው ነው፣ ትወዱታላችሁ። መሞቱን ደግሞ ገና ሲጀመር ሂልዳ ስለምትነግረን ሳቃችን ሁሉ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሚሳቅ ሳቅ ነው። ጥያቄው የፈሩትን ነገር ሄደው አዩት ወይ ነው። አላዩትም። ማየት ከጀመሩማ ኮሚቴው ምን ሥራ ይኖረዋል?

ሂልዳን የተጫወተችው ሴት ድምጿን አንዴም ከፍ አላደረገችም። የሚያስፈራውም እሱ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ግን ይጎተታል፤ ባሏ ላይ የምትማግጠው የኤሚ ጣጣ ብቻውን ሩብ ሰዓት ቢቀነስለት ማንም አይከፋም ነበር።

እና ማግዳ። ሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ሉተር ይደበድባታል። ሉተር አጥር ዘሎ የመጣ አይደለም፣ የመንደሩ ነዋሪ ነው። ያ ሁሉ አጥር ለማግዳ ምን አደረገላት? ከሱ ጋር አብሮ ዘጋባት። እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ የሚስቅ ጠፋ፣ ወንበሮቹ ብቻ ይንቋቁ ነበር።

ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ማስተካከል አይፈልግም፤ እኛ ጋ ግንበኛው ራሱ አጥሩን ሲጨርስ «ጠርሙስ ልሰካበት?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያስቸግረው ሂልዳን የምትጫወት ሴት ማግኘት ነው፤ የኛ መድረክ ላይ ድምጽ ሳያነሱ ማስፈራራት ብዙም አልተለመደም።