ምቀኛ ሳይሆን ተፎካካሪ አያሳጣን



አባቶቻችን «ምቀኛ አታሳጣኝ» የምትል አጭር ጸሎት አለቻቸው። ለላይ ሰሚው ጸሎት ሳትሆን እርግማን ትመስላለች። ጠለቅ ብሎ ለመረመራት ግን ሰው ብቻውን ሲጓዝ እንደሚያዘግም፣ የሚፎካከረው ሲኖር ግን በውስጡ መኖሩን ያላወቀውን ጉልበት እንደሚያወጣ የምታስገነዝብ ምክር ናት። ሆኖም ምቀኛና ተፎካካሪ አንድ አይደሉም። ምቀኛ የሌላው መውደቅ የእሱ መነሣት የሚመስለው ሰው ነው። ተፎካካሪ ግን ሌላው ከፍ ባለ ቁጥር የራሱን ክንድ የሚያበረታ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ልዩነት ከጎረቤታችን ከኬንያ በተገኘ አንድ የወታደር ታሪክ ልንመለከተው አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው «ቀዝቃዛ ውኃ» የሚል ትርጉም ካለው የማሳይ ቃል ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ የንጎንግ ኮረብቶች ተዘርግተዋል። በእነዚህ ኮረብቶች ዳገትና ቁልቁለት ለብዙ ዓመታት ሲሮጥ የኖረው ሰው ፖል ቴርጋት ይባላል። በ1969 በባሪንጎ ተወለደ፤ ካደገም በኋላ የኬንያ አየር ኃይል ባልደረባ ሆነ። ሩጫን በቁም ነገር የያዘው የወታደር ልብስ ከለበሰ በኋላ ነው። የተወለደበት አገር ደረቅ ስለሆነ የልጅነቱ ዘመን ከረሀብ ጋር የተቆራኘ ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ1977 በትምህርት ቤቱ ምሳ ማቅረብ ሲጀምር ፖል የ8 ዓመት ልጅ ነበር። ያ ምሳ ባይኖር ኖሮ ትምህርቱን ይቀጥል እንዳልነበረ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

ይህ ሰው ከ1995 እስከ 1999 ድረስ 5 ጊዜ በተከታታይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ። በዳገት፣ በጭቃና በሣር ላይ የሚስተካከለው ጠፋ። በመም ላይ ግን አንድ ሰው ከፊቱ ቆመ፤ እሱም የእኛው የአሰላ ልጅ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው።

የ10,000 ሜትሩን ታሪክ በቅደም ተከተል እንመልከት። በ1995 በጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮና ኃይሌ አንደኛ፣ ፖል ሦስተኛ ወጡ። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ኃይሌ አንደኛ፣ ፖል ሁለተኛ ሆኑ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነበር። በ1997 በአቴና፣ በ1999ም በሴቪያ ውጤቱ ያው ኃይሌ አንደኛ፣ ፖል ሁለተኛ ሆነ። በ1997 ፖል በብራስልስ 26 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ከ85 መቶኛ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። ዓመት ሳይሞላው ኃይሌ በሄንግሎ 26 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ከ75 መቶኛ ሮጦ ክብረ ወሰኑን መልሶ ወሰደበት።

በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ መጣ። ኬንያ በወንዶች 10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘች 32 ዓመት ሞልቷት ስለነበር፣ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ፖል ላይ ተተክሎ ነበር። በመጨረሻው ዙር 250 ሜትር ያህል ሲቀር ፖል አፈትልኮ ወጣ። ኃይሌ ተከተለው። በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ኃይሌ ደረሰበት፤ ደረቱንም አስቀደመ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ከ20 መቶኛ፣ ፖል በ27 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ከ29 መቶኛ ገቡ። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች የ100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 12 መቶኛ መሆኑን ስናስተውል ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው የተለያዩበት ርቀት፣ 100 ሜትር የሮጡት ከተለያዩበት ያነሰ ሆነ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ያንን ቀን የምናስታውሰው በእልልታ ነው። ዛሬ ግን ለጥቂት ጊዜ በሁለተኛው ሰው ጫማ ውስጥ እንቁም። አምስት ጊዜ በአንድ ሰው መቀደም፣ አምስተኛውም ጊዜ በዓይን ጥቅሻ ልዩነት መሆኑ ምን ያህል ልብ ይሰብራል! ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ቢቆም ሰበብ ይፈልጋል፤ ዳኛውን፣ አሠልጣኙን፣ ዕድሉን ይከሳል። ከሁሉም የሚከፋው ግን የቀደመውን ሰው መጥላቱ ነው።

ፖል ሌላ መንገድ መረጠ። ከሜዳ ውጭ ወዳጆች መሆናቸውን ሁለቱም በአደባባይ መስክረዋል። ወዳጅነቱ ግን ፉክክሩን አላላላውም። ፖል ፊቱን ወደ ማራቶን አዞረ፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ሙከራዎቹም አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። ከእነዚህ አንዱ በ2002 በለንደን የተደረገው ሲሆን፣ ፖል ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ ወጡ፤ በዚያ ቀን የተቀደመው ኃይሌ ነበር። በስድስተኛው ሙከራ፣ በመስከረም 2003 በበርሊን፣ ፖል 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ በመሮጥ አሸነፈ፤ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች በመጨረስም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የአገሩ ልጅ ሳሚ ኮሪር በ1 ሴኮንድ ብቻ ተከትሎት ገባ። በመቶኛ ሴኮንድ የተቀደመው ሰው በተራው በአንድ ሴኮንድ ቀደመ።

ከ4 ዓመት በኋላ በ2007፣ በዚያው በበርሊን፣ ያንን ክብረ ወሰን የሰበረው ማን ነበር? ኃይሌ ነበር። በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ከገባ በኋላ ወዳጁን ፖልን በስም ጠርቶ ይቅርታ መጠየቁ በጊዜው ተዘግቧል። አሸናፊ ተሸናፊውን ይቅርታ የሚጠይቀው ጥፋት ስለ ሠራ አይደለም፤ የወሰደው ነገር ምን ያህል ድካም የተከፈለበት መሆኑን ከማንም ይልቅ እሱ ስለሚያውቅ ነው። እውነተኛ መከባበር የሚመነጨው የተፎካካሪን ላብ መጠን በራስ ሰውነት ከማወቅ ነው።

ይህ ወግ በሁለቱ አገሮች ወታደሮች መካከል በኃይሌና በፖል አልተጀመረም። በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትሩን ውድድር የኬንያ ጦር ወታደር የነበረው ናፍታሊ ቴሙ ሲያሸንፍ፣ የክብር ዘበኛው ማሞ ወልዴ አንድ ሴኮንድ በማይሞላ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። ይህ ለኬንያ በታሪኳ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ማሞ በማራቶን ተሰለፈ። አበበ ቢቂላ በሕመም ምክንያት ውድድሩን ሲያቋርጥ ማሞ አገሩን ተሸክሞ ሮጠ፤ ወርቁንም ወሰደ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛም አንደኛም መሆን እንደሚቻል አሳየ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ወደ ራሳችን ክፍል እናምጣው። የማዕረግ ዕድገት ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በአንድ ቀን የገቡ፣ በአንድ ድንኳን ያደሩ፣ አንድ ኮዳ ውኃ የተካፈሉ ሁለት ወታደሮች አንዱ ስሙን ያገኛል፤ ሌላው ያጣል። ስሙን ያጣው በዚያች ሰዓት በልቡ የሚያሳድረው ነገር የራሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በስታዲየም ውስጥ ምቀኝነት የሚያሳጣው ሜዳልያ ነው፤ በምሽግ ውስጥ ግን የሚያሳጣው ነፍስ ነው። ነገ ሌሊት የዚያን የተሾመውን ጓዱን ጀርባ የሚጠብቀው እሱ ነውና።

ይሁን እንጂ መከባበር ማለት በደልን ዝም ብሎ መዋጥ ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ልንናገር እንወዳለን። በመሮጫ ሜዳ ላይ ሰዓት ይፈርዳል፤ ሰዓት ዘመድ የለውም፤ ዘጠኝ መቶኛን አሥር አያደርግም። ፖል ሽንፈቱን ሊቀበል የቻለበት አንዱ ምክንያት ሚዛኑን ማመኑ ነው። በክፍላችን ግን የሚመዝነው ሰው ነው። ስለሆነም ውድድሩ ወደ ምቀኝነት እንዳይለወጥ የመጀመሪያው ኃላፊነት የአዛዦች ነው። የተመዘነው ሰው ለምን እንዳነሰ ሲነገረው ለሚቀጥለው ጊዜ ይዘጋጃል፤ ሳይነገረው ሲቀር ግን ያኮርፋል። ተበደልኩ የሚል ወታደርም አቤቱታውን በዕዝ ሰንሰለቱ ያቅርብ። በጓዱ ስም ላይ በሻይ ቤት የሚወረወር ቃል አቤቱታ አይደለም።

ለቤተሰቦቻችንም የምንለው አለ። በሠፈራችን የባል ማዕረግ በቡና ላይ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። የአሥር አለቃው ባለቤት የሃምሳ አለቃው ባለቤት በተናገረችው ቃል ቅር ተሰኝታ ስትገባ፣ ያ ቅሬታ ማታ ለባሏ ከእራቱ ጋር ይቀርብለታል። ባልም ጧት ወደ ክፍሉ ይዞት ይሄዳል። ከቤት የተነሣች ትንሽ ጭስ እንዲህ ሆና ምሽግ ትደርሳለች። በተቃራኒው «ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ፤ ጓደኛህንም እንኳን ደስ ያለህ በለው» የምትል ሚስት የአንድን ክፍል አንድነት ከቤቷ ሆና ትጠብቃለች።

በልጆች አስተዳደግም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ ወጥቶ የመጣውን ልጅ «የእገሌ ልጅ እኮ አንደኛ ነው» ብለን ስንቀበለው የምናስተምረው ትጋትን አይደለም፤ የእገሌን ልጅ መጥላትን ነው። «ካለፈው ወቅት ስንት ነጥብ ጨመርህ? እሱስ እንዴት እንደሚያጠና ጠይቀኸዋል?» ብንለው ግን ተፎካካሪውን መምህሩ እናደርግለታለን። ልዩነቱ የአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል።

በመጨረሻ፣ ሁላችንም አንድ ቀን የምንደርስበትን የጡረታን ነገር እናንሣ። ፖል በ2009 በጃፓን የቢዋ ሐይቅ ማራቶንን ሲያሸንፍ 40 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ከዚያ በኋላ እግሩ ያረጃል፤ ክብረ ወሰኑም የሌላ ሰው ሆኗል። ታዲያ ምን ቀረው? በ2004 በልጅነቱ ምሳ ያበላው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ፀረ ረሀብ አምባሳደር አድርጎ ሾመው፤ እሱም በትምህርት ቤት ምሳ ስለሚቀርብላቸው ሕፃናት መመስከር ያዘ። በኬንያ በየዓመቱ ለስፖርት ሰዎች የሚሰጠውን ሽልማትም መሠረተ። በሽልማት ሰገነት ላይ ሁለተኛውን ደረጃ የለመደ ሰው ሌሎች የሚከበሩበትን ሰገነት ሠራ። በ2013 የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ2017ም የኬንያ ብሔራዊ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሰዎች ይህን አደራ የሰጡት ስንት ጊዜ አንደኛ ወጣ ብለው ብቻ ሳይሆን፣ ሲቀደም እንዴት እንደ ነበረም አይተው ይመስለናል።

ማዕረግ በትከሻ ላይ ይቀመጣል፤ በጡረታ ቀንም ከልብሱ ጋር ይሰቀላል። ጓደኞቻችን ስለ እኛ የሚናገሩት ግን ቤታችን ድረስ አብሮን ይመጣል። የቀደመንን እናክብር፤ በነጋታውም ለመቅደም እንነሣ። የቀደምነውንም ወደ ኋላ ዞር ብለን እጁን እንጨብጥ። ምቀኛን ያርቅልን፤ ብርቱ ተፎካካሪ ግን አያሳጣን።