ለሁለት ቀን ወዴት እንሂድ?

በዚህ ሳምንት የደረሰን ጥያቄ ከቀወት ነው። ጠያቂዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል።

ጥያቄያቸው አጭር ነው። ክረምቱ ወጥቷል። ጤፉ ታርሟል። ማሽላው ገና አልደረሰም። ልጆቹን ለአያታቸው ትተን፣ ቅዳሜና እሁድን ብቻችንን ወጣ ብለን ብንመለስ የት ይሻላል? ነው የሚሉት።

ገበሬ ደግሞ ሽርሽር ምን ያደርግለታል የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ ፈገግ ብለን ነበር። ሚስትየዋ የጻፈችውን ስናነብ ግን ፈገግታችን ቀረ። እንዲህ ትላለች፦ «ለቅሶም ሠርግም ተራ በተራ ነው የምንሄድ። አንዳችን ስንሄድ አንዳችን ከብት እንጠብቃለን። አብረን ከቤት የወጣነው አንድ ጊዜ ነው። እሱም በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በሽሽት ነው። ደብረ ሲናን በሌሊት አለፍናት። ልጅ አዝዬ ነበር፤ አላየኋትም።»

ባልየው ሰንበቴ ይሁን ይላል። ሰንበቴ የሚናቅ ቦታ አይደለም። የእሁድ ገበያው የታወቀ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኛል። ከብቱ፣ ግመሉ፣ እህሉ፣ ጨርቁ ሁሉ አለ። ነገር ግን ገበያ ያው ገበያ ነው። ባል ወደ ከብት ተራ ይሄዳል፤ ሚስት ወደ እህል ተራ ትሄዳለች። ማታ የሚገናኙት ሸክም ላይ ነው። ይህማ በየሳምንቱ ረቡዕ ሮቢት ላይ የሚያደርጉት አይደለም እንዴ?

አንኮበርስ? አንኮበር የሸዋ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ዋና መቀመጫቸው እሷ ነበረች። አፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት እዚያ ተቀምጠዋል። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ቆላው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያያል። ለማየት የሚያስመኝ አገር ነው። ችግሩ መንገዱ ነው። ከሮቢት በመኪና ለመሄድ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን መውጣት፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቀን በመንገድ ያልቃል። ሦስት አራት ቀን ያለው ሰው ይሂድ።

እንግዲህ እኛ ደብረ ሲና ይሁን እንላለን። ከሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እቤት አንድ ነገር ቢፈጠር በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ደግሞም ሌላ አገር የሄዱ ያህል ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ሲና ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ታዲያ ጠዋት በቀጭን ሸሚዝ የተነሣ ሰው፣ ቀትር ሳይሆን ጋቢ ይፈልጋል።

ምን ይታያል? ከሁሉ በፊት የራሳቸው አገር ይታያል። ከተራራው ጥግ ተቀምጦ የይፋትን ቆላ ቁልቁል ማየት ነው። የደብረ ሲና ቆሎ የታወቀ ስለሆነ፣ እሱን እየቆረጠሙ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከከተማዋ በላይ በጣርማ በር በኩል ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ አፋፍ ሣር ሲግጥ ይገኛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው ዋሻም እዚያው ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወፍ ዋሻ የሚባለው ጥንታዊ ደንም በዚያው አካባቢ ነው። ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው የተፈጥሮ ነው። ነገር ግን የአገሩ ሰው ሳይመራ አይገባም።

አሁን ስለ ቤት እንነጋገር። ማሽላው ፍሬ ከያዘ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ የሚበረታው ማለዳና ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ማሳውን ማን እንደሚጠብቅ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የእነሱን ማሳ እናንተ ትጠብቃላችሁ። ልጅን ብቻውን ማማ ላይ ትቶ መሄድ ግን አይሆንም።

ወባም አለች። በቆላው ወባ የምትበረታው ልክ በዚህ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ደጋ ወጥተው ሳለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ቢላቸው፣ የደጋ ብርድ ነው ብለው ዝም አይበሉ። የያዘቻቸው ከመነሣታቸው በፊት ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄደው ከቆላ መምጣታቸውን ተናግረው ደም ይመርመሩ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሣታቸው አንድ ቀን በፊት፣ ደርሰው ከተመለሱ ሾፌሮች ይጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ በሌላ ሳምንት ይሁን፤ ተራራው የትም አይሄድ። መናኸሪያው ላይ ታሪፍ ተለጥፎ ከሆነ ራሳቸው ያንብቡት። የመመለሻው ገንዘብ ለብቻው ይቋጠር።

ጋቢም ሁለት ይያዝ። ባልየው አንድ ይበቃናል ይል ይሆናል። አይበቃም።