አሮጌው ሞተር ብስክሌትና አዲሱ እራፊ



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከጓዳና ከእልፍኝ ወጥቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ቢሆንም ነገሩ በመጨረሻው ተመልሶ ወደ ቤት መግባቱ ስለማይቀር፥ እመቤቶች ይህ የወንዶች ወሬ ነው ብለው ገጹን እንዳይገለብጡት እንለምናለን።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ አባት ስለ ልጃቸው አማከሩን። ልጁ ዕድሜው ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ፥ የነበረውን ሞተር በሌላ ብርቱ ሞተር ለውጦ፥ መብራቱንና መሪውንም በአዲስ ዕቃ ተክቶ፥ በከተማው ማንም የሌለውን ዐይነት ለመሥራት ተነሥቷል። ከሥራ መልስ ማታ ማታ እጁ ከዘይት፥ ልቡም ከብረቱ አይለይም። እናቱ ይሞትብኛል ብለው ያለቅሳሉ፤ አባቱም ልከልክለው ወይስ ልተወው እያሉ ይጨነቃሉ። ይህ የአንድ ቤት ጭንቀት ብቻ ስላልሆነ መልሳችንን ለሁሉ ይጠቅም ዘንድ በዚህ ጽፈነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ይህ ሥራ የሰነፍ ልጅ ሥራ አለመሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን። ለዚህም ከሚጠቀሱት ምስክሮች ዋነኛው በርት ሙንሮ የተባለው የኒው ዚላንድ ሰው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሙንሮ በ1899 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ ደቡብ ጫፍ በምትገኘው በኢንቨርካርጊል ከተማ ተወለደ። በ1920 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተሠራ ኢንዲያን ስካውት የሚባል ሞተር ብስክሌት ገዛ። የሞተሩ ልክ 600 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሁኖ፥ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሮጠው ቢበዛ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ጥቂት ዓመት ነድቶ ሲሰለቸው ሸጦ አዲስ ይገዛል። ሙንሮ ግን ያንኑ አንዱን እስኪሸመግል ድረስ ከእጁ አላወጣውም።

ቀን ቀን ሞተር ብስክሌት እየሸጠ እንጀራውን ይበላ ነበር፤ ሌሊቱን ግን የራሱን ሲፈታና ሲገጥም ያድር ነበር። ገንዘብ ስላልነበረው የሚያሻውን ዕቃ በገዛ እጁ ይሠራ ጀመር። ፒስተን ሲያስፈልገው ብረት አቅልጦ በአሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ እያፈሰሰ ቀረጸ። እጅግ ስስ የሆነውን ልክ የሚለካበትን መሣሪያ ከአሮጌ የቸርኬ ሽቦ አበጀ። ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን፥ ባለ ሙያዎች ቢየላ የሚሉትን ብረት፥ ከካተርፒላር ትራክተር አክስል ላይ እየፈለፈለና እየሞረደ አወጣው። ከሲሊንደሩ ጎን የነበሩትንም ቫልቮች ወደ ላይ አወጣቸውና ሞተሩ በሰፊው እንዲተነፍስ አደረገ። ሲሞክረው ይሰበራል፤ የተሰበረውን አይጥልም፥ በመደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። በመደርደሪያውም ላይ ይህ ሁሉ ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት ነው የሚል ጽሕፈት ጻፈበት። እኛ እንዲህ ያለውን አምላክ አናውቀውም፤ ነገር ግን ስሕተቱን ሳይደብቅ በዐይኑ ፊት ደርድሮ ያኖረ ሰው፥ ከስሕተቱ የሚማር ሰው መሆኑን እንመሰክርለታለን።

በ1962 ዓ.ም. ያንን አሮጌ ሞተር ብስክሌት በመርከብ አሳፍሮ ወደ አሜሪካ ወሰደው። በዩታ ግዛት ቦነቪል የሚባል፥ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጨው የሆነ ሜዳ አለ፤ የፍጥነት ውድድር የሚደረገው በዚያ ነው። በዚያ ዓመት ሞተሩ 850 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሁኖ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ሞተሩ እስከ 950 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሰፍቶ ሳለ በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ፥ ከ1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ በታች ለሆኑት የተመደበውን ክብረ ወሰን ያዘ። ያን ጊዜ ሰውየው 68 ዓመቱ፥ ብረቱም 47 ዓመቱ ነበረ። በ2005 ዓ.ም. ታሪኩ ሲኒማ ሁኖ ወጥቷል፤ እርሱ ግን በ1978 ዓ.ም. ዐርፎ ስለ ነበረ አላየውም።

አሁን አባትየው እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሙንሮ አንዱን ዕቃ ባበረታ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ዕቃ ይሰበርበት ነበር። ፒስተኑ ሲበረታ ቢየላው ይጣመማል፤ ቢየላው ሲበረታ ሌላው ይፈነዳል። ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ምሳሌው የተነገረው ለነፍስ ነው፤ ሆኖም በብረት ላይ ሲሠራ በዐይናችን እናየዋለን። አዲሱ ኀይል አሮጌውን ዕቃ ይቀድደዋል። ሙንሮ ልብሱ እንዳይቀደድበት ያደረገው፥ በአርባ ሰባት ዓመት ትዕግሥት ልብሱን ሁሉ ክር በክር አድሶ ነው።

ሁሉም ሰው ይህን ያህል ዕድሜ በአንድ ብረት ላይ ሊያጠፋ አይችልም፤ እንዲያጠፋም አንመክርም። ሌላም መንገድ አለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ ወጣቶች ከሁለት ፋብሪካ ሥራ አንድ ሞተር ብስክሌት ያወጡ ነበር። ኖርተን የሚባለው ፋብሪካ የቤልፋስቱ ሰው ሬክስ ማካንድለስ የነደፈውን ሻሲ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ለውድድር አቀረበ። ሻሲው በመንገድ ላይ ከመርጋቱና ከመመቸቱ የተነሣ የላባ ፍራሽ የሚል ስም ወጣለት። ትራያምፍ የሚባለው ፋብሪካ ደግሞ ባለ ሁለት ሲሊንደር የሆነ ቀልጣፋ ሞተር ነበረው። ወጣቶቹም የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ሻሲ ላይ ገጥመው፥ ሁለቱን ስም አጋጥመው ትራይተን አሉት። ከዚህ የምንማረው፥ ብልኅ ሰው ለብርቱ ሞተር አስቀድሞ ብርቱ ሻሲ እንደሚፈልግ ነው።

እንግዲህ ልጃቸው ሥራውን በዚህ ተራ ቢሠራው መልካም ይመስለናል።

መጀመሪያ ሻሲውን ይመርምር። ቀለሙን ፍቆ፥ ብረቱ ከብረት በተበየደበት ሁሉ የተሰነጠቀ እንዳለ በመብራት ይይ። የፊተኛውና የኋለኛው ጎማ በአንድ መሥመር መቆማቸውን በተወጠረ ሲባጎ ይለካ። የተጣመመ ሻሲ ላይ የሚገባ አዲስ ዕቃ ሁሉ በከንቱ የጠፋ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን ያድስ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ፥ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። አሮጌው ፍሬን በከበሮ መሳይ ብረት ውስጥ ተዘግቶ የሚሠራ ስለ ሆነ ደጋግመው ሲይዙት ይግልና መያዝ ይሳነዋል። የዲስክ ፍሬን ግን ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል። ነገር ግን ዲስክ ሲገባ የፊተኛውን ጎማ የያዙት ሁለቱ እግሮች አዲሱን ጉልበት የሚችሉ መሆናቸው ይታይ። ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ብዛት ይደርቃልና፥ መልኩ አዲስ ቢመስልም አሮጌውን ይጣለው።

ሦስተኛ ሞተሩን ሲያስቀምጥ፥ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የፊተኛውና የኋለኛው ጥርሶች ፊት ለፊት ይተያዩ። ጥቂት እንኳ ቢዛነፉ ሰንሰለቱ ይበላል፤ በሩጫ ላይ ቢበጠስም ጎማውን ሊቀፈድደው ይችላል። የብሎኑንም ነገር አይናቅ። የአሮጌ እንግሊዝ ብሎን ከሜትር ልክ ብሎን ጋር ለዐይን መንትያ ይመስላል፤ ጥርሳቸው ግን አይስማማም። በግድ ቢያስገቡት ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ኋላ ግን ጥርሱ ተበልቶ በመንገድ ላይ ይወልቃል።

አራተኛ ኤሌክትሪኩን አይቀላቅል። ብዙ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ፤ የዛሬው ዕቃ ግን አብዛኛው 12 ቮልት ይፈልጋል። ባትሪው፥ ዲናሞውና አምፖሉ አብረው ካልተለወጡ አንዱ ሌላውን ያቃጥለዋል። እንደዚሁም የካርቡራተሩን ልክ ከአዲሱ ሞተር ጋር ያስማማ፤ ነዳጅ ከአየሩ ይልቅ ሲያንስ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፥ ፒስተኑም እስከ መበሳት ይደርሳል።

በመጨረሻም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ይሞክር፤ የለወጠውንም በደብተር ይጻፍ። ሦስት ነገር በአንድ ሌሊት የለወጠ ሰው፥ ጠዋት ሲበላሽበት የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። የሞተሩንና የሻሲውን ቁጥር ከመዝገብ ጋር ሳያስማማ፥ በሌላ ባለ ሙያም ሳያስመረምር ወደ አደባባይ አይውጣ።

እስከዚህ የጻፍነው የጋራዡን ነገር ነው። አሁን ወደ ቤት እንመለስ።

ሙንሮ በ1927 ዓ.ም. አግብቶ አራት ልጆች ወለደ። በ1947 ዓ.ም. ግን ጋብቻው ፈረሰ። የባልና የሚስትን ምስጢር እኛ አናውቅምና፥ ይህ ሁሉ የመጣው በብረቱ ነው ብለን አንፈርድም። ነገር ግን ቀን ለእንጀራ፥ ሌሊት ለብረት የዋለ ሰው፥ ለቤቱ የቀረው ሰዓት ስንት እንደ ነበረ ማንም ሊቈጥረው ይችላል። አስቀድመን አንዱ ዕቃ ሲበረታ ሌላው ይሰበራል ብለናል። ይህ ለሰው ኑሮም እውነት ነው። ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ወገን የጣለ ሰው፥ ያልጠበቀው ወገን ይሰበርበታል። በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ የሚታየው ብረት ብቻ ነው፤ በእራት ጊዜ ባዶ የቀረ ወንበር በመደርደሪያ አይቀመጥም።

ስለዚህ ለአባትየው እንዲህ እንመልሳለን። ልጁን አይከልክሉት፤ በስውር ከሚሠራው በፊትዎ ቢሠራው ይሻላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስምሉት። የመጀመሪያው፥ ፍሬኑ ሳይታደስ አዲሱ ሞተር እንዳይነሣ፥ የራስ ቊርም ሳያደርግ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳይነዳ ነው። ሁለተኛው፥ የማታው ማዕድ ሲቀርብ መፍቻውን አስቀምጦ፥ እጁን ታጥቦ ከቤተ ሰቡ ጋር እንዲቀመጥ ነው። እርስዎም በሳምንት አንድ ማታ ካባዎን አውልቀው መብራት ያብሩለት። ብረቱን ባያውቁት ግድ የለም፤ ዳዶውን ተቀብሎ በሣህን ማኖር ማንንም አያዋርድም። እናትየውም ሥራው ወዴት እንደ ደረሰ ይጠይቁት፤ ያወቁት ነገር ካላወቁት ነገር ያነሰ ያስፈራል።

አባት ከልጁ ጋር ስለሚሠራው ሥራ ይህን ያህል የምንናገረው በከንቱ አይደለም። ከሙንሮ ታሪክ የቀረች አንዲት ነገር አለች። የ1967ቱ ክብረ ወሰን የተጻፈው የሁለት ሩጫ፥ የመሄጃውና የመመለሻው፥ ፍጥነት ተደምሮ ለሁለት ተከፍሎ ነው። የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት ማኅበርም በሰዓት 183.586 ማይል ብሎ መዝግቦት ነበር። ሰውየው ከሞተ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ2014 ዓ.ም.፥ ልጁ ጆን ሒሳቡን መርምሮ ስሕተት እንዳለበት አስተዋለ። ማኅበሩም አምኖ 184.087 ማይል ብሎ አረመው።

ልዩነቱ ግማሽ ማይል ያህል ነው። ነገር ግን ስንት ሊቅና ስንት ባለ ክብር አልፎበት ያላየውን ይህን ስሕተት ያየው ልጅ ነው። የአባቱን ድካም እንደ ራሱ ገንዘብ የቈጠረ ልጅ፥ ከአባቱ ላይ ግማሽ ማይል እንኳ ሲጎድል ዝም አይልም። አባቶች ሆይ፥ የልጆቻችሁንም ሥራ እናንተ አስቀድማችሁ እንዲሁ ቊጠሩላቸው፤ ኋላ እነርሱ የእናንተን ይቈጥሩላችኋል።

እግዚአብሔር ለልጆቻችን ጥበብን ከትዕግሥት ጋር፥ ለቤታችንም ሰላምን ይስጥልን።