ከዋንጫው በፊት ቁልፉ

ውድድር ሲባል ሁላችንም የምናየው መድረኩን ነው። መብራት ይበራል፣ ተወዳዳሪው እጅ ነሥቶ ይጫወታል፣ ይጨበጨብለታል፤ በመጨረሻም ዳኞቹ የአንዱን ስም ይጠሩና ሌሎቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። እኛ ግን የውድድር ትክክለኛነት የሚታወቀው በጭብጨባው ሳይሆን ከመጋረጃው በስተ ኋላ በሚሠራው ሥራ ነው እንላለን። ለዚህም ዓለም አቀፉን የሃርፕ ውድድር ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን መሣሪያ በገና ስለሚለው ብዙዎቻችን ሃርፕንና በገናን አንድ አድርገን እንቆጥራቸዋለን። የሚያዛምዳቸው የዳዊት ስም ነው እንጂ አሠራራቸው አይደለም። የእኛ በገና 10 አውታር ሲኖረው ትልቁ የአውሮፓ ሃርፕ 47 አውታርና 7 ፔዳል አለው፤ ክብደቱም ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። እያንዳንዱ ፔዳል ሦስት ማረፊያ ስላለው እጅ አውታሩን ሲመታ እግር ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ይህንም ብልሃት ሴባስቲያን ኤራር የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ መሣሪያ ብቻ የተዘጋጀው የእስራኤል ውድድር በ1959 ተጀመረ፤ ሐሳቡን ያመነጩት አሃሮን ጽቪ ፕሮፔስ ናቸው። በ1989 ደግሞ የሃርፕ መምህርት የሆኑት ሱዛን ማክዶናልድ በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ በብሉሚንግተን ከተማ ሌላ አቋቋሙ። ሁለቱም በየሦስት ዓመቱ እንዲደረጉ የታሰቡ ናቸው።

አሁን ወደ መጋረጃው ጀርባ እንግባ። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው መሣሪያውን በእጁ አንጠልጥሎ ይመጣል። ሃርፕ ግን ባሕር ተሻግሮ በየውድድሩ ይዘውት የሚዞሩት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሃርፖቹን ሰብስበው ያቆያሉ፤ ተወዳዳሪው ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው በማያውቀው መሣሪያ ነው። የሰው በቅሎ የጋለበ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። የአንዱ አውታር ይጠነክራል፣ የሌላው ይላላል፤ የአንዱ ፔዳል ይከብዳል፣ የሌላው ሲረግጡት ይጮኻል። እንግዲህ የመለማመጃው ሰዓት በትክክል ካልተደለደለ፣ አንዱ ስድስት ሰዓት ሌላው ሁለት ሰዓት ከተለማመደ፣ ፍርዱ መድረክ ላይ ሳይደርስ ተዛባ ማለት ነው።

የመሣሪያው ጠባይም ቀላል አይደለም። ከአውታሮቹ ብዙዎቹ ከእንስሳ አንጀት የተገመዱ ናቸውና የአየሩ እርጥበትና የመድረኩ መብራት ሙቀት ቅኝታቸውን ያዛባዋል። አዲስ የተተካ አውታር ደግሞ እስኪረጋ ድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ተመልካቹ በዕረፍት ጊዜ ሻይ ሲጠጣ አንድ ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ጎልቶ የማይጻፍ ባለሙያ ጆሮውን ከገበታው አስጠግቶ 47ቱን አውታር አንድ በአንድ ይቃኛል። ሌሎች ሃርፑን በባለ ጎማ ጋሪ ያመላልሳሉ። በአንድ ጥግ ደግሞ ተወዳዳሪው የጣቶቹን ጫፍ ይመረምራል። በሃርፕ የሚሠሩት በየእጁ አራት ጣቶች ናቸው፤ ትንሿ ጣት ታርፋለች። አራቱ ግን ውኃ ከቋጠሩ የወራት ድካም ከንቱ ነው።

ከዚህም የሚከብደው የዳኞቹ ጉዳይ ነው። የሃርፕ ዓለም ጠባብ ነው። ታላላቆቹ መምህራን ጥቂቶች በመሆናቸው በዳኝነት ወንበር የተቀመጠው ሰው በመድረኩ ላይ ያለውን ልጅ ያስተማረ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚለው ተረታችን እንዳይደርስባቸው ብዙ ውድድሮች ዳኛ ለገዛ ተማሪው ነጥብ እንዳይሰጥ በደንብ ይከለክላሉ፤ የመጫወቻውንም ተራ በዕጣ ያወጣሉ። እነዚህ ትንንሽ ደንቦች የሚያሰለቹ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአሸናፊውን ስም ከሐሜት የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የመሣሪያ ሠሪዎች ገበያ ነው» ይላሉ። ሠሪዎቹ ሃርፕ እንደሚያውሱና እንደሚሸልሙ እውነት ነው። ነገር ግን የንግድ ፉክክር ሁልጊዜ ጥበብን አይገድልም። በ1904 ደቡሲ ለፕሌየል ቤት አዲስ ዓይነት ሃርፕ ዜማ ደረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ራቬል ለተፎካካሪው ለኤራር ቤት ሃርፕ ሌላ ደረሰ። ፉክክሩ አልፏል፤ ዜማዎቹ ግን እስከ ዛሬ ይኖራሉ።

የእኛ ቅሬታ ከዚህ ይለያል። ከመጋረጃው በስተ ኋላ ያሉት ሰዎች የቱንም ያህል ቢደክሙ የሚያስተካክሉት የመጨረሻዎቹን ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለፉትን ዓመታት ማን ያስተካክላቸው? አንድ ትልቅ ሃርፕ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። በብሉሚንግተን የአንደኛው ሽልማት ወርቅ የተቀባ ሃርፕ ነው። ይህን የሚያሸንፍ ሰው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሃርፕ ከእጁ ያልራቀ፣ ወይም የሚያውሰው ያገኘ መሆን አለበት። ያላገኘው አልተሸነፈም፤ ጭራሽ አልተጠራም። ስሙ በዕጣው ውስጥ የለም።

ምናልባት ጓደኞቻችን «ሃርፕ ለእኛ ምናችን ነው? ስንት ችግር እያለብን ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ የሃርፕ አይደለም፣ የፍርድ ነው። እኛም ለፈተና ስንቀመጥ ወረቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ ነውና ሁሉ እኩል ነው እንላለን። አንዱ ግን መጽሐፉን በቤቱ አስቀምጦ ያነበበ፣ ሌላው አንዲቱን መጽሐፍ ለማግኘት ከቤተ መጻሕፍቱ በር ተሰልፎ የመሸበት ነው። ከመካከላችንስ በገና ወይም ፒያኖ ለመማር ፈልጎ፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፍ ያዡ ወደ ቤቱ ሄዶ የተመለሰ ስንቱ ነው? መሣሪያው አቧራ ሲጠጣ ያድራል፤ እኛ ግን በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫ ገዝተን «ተሰጥኦ ያለው ይምጣ» እንላለን።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በምናዘጋጀው በማናቸውም ውድድር ተራው በዕጣ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ዳኛ ለቅርብ ወዳጁም ሆነ ለተማሪው ነጥብ አይስጥ፤ ደንቡም አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ለዋንጫ ከሚዋጣው ገንዘብ ግማሹ ክፍሉን ማታ ከፍቶ ለሚጠብቅ ሰው አበል ይሁን። አሸናፊው የሚወስደው ዋንጫ ቢያንስ ግድ የለም። ቁልፉ ግን ለሁሉም ይድረስ።